አርባ ሦስት ሽምብራ

መምህርት ወለላ ደውላ ጠራችኝ፤
«ስለ መድን ንገር ለልጆቼ» አለችኝ፤
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፣
አርባ አራት ተማሪ፣ አንዱን ወንበር ለሦስት ሲካፈል።

እኔ ምን አውቃለሁ የልጅ ማስተማሪያ?
እንጀራዬ መድረስ ነው፣ ከሆነ ወዲያ፤
ሐረጎ ላይ ፍሬን የከዳውን አይሱዙን፣
በሜትርና በብዕር መተመን መዘዙን።

ጠመኔ አነሳሁና «አረቦን» ብዬ ጻፍሁ፤
ሰማንያ ስምንት ዓይን ሲያፈጥብኝ፣ አጠፋሁ።

ከቦርሳዬ የወተት ዱቄት ባዶ ጣሳ አወጣሁ፣
ሽምብራም ከገበያ በፌስታል ይዤ መጣሁ፤
ለያንዳንዱ አንድ ፍሬ። «ያላችሁ ገንዘብ ይኸው፤
የዓመት መዋጯችሁ፤ ጣሳው የሁላችን ነው።»
ኳ ኳ ይላል ጣሳው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ካፊያ፣
ተሰልፈው ሲጥሉ፣ ሲገፋፉ ወዲህ ወዲያ።

ቆጠርን፤ አርባ ሦስት። አንድ ጎደለ። ማነው?
የሙሄ አገጭ ይንቀሳቀሳል። «ርቦኝ ነው።»
ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም። ቢሮ ቢሆን፣ ፊቴን አኮሳትሬ
«ውልህ ፈርሷል» ባልሁት፣ ለበላት አንድ ፍሬ።

የፈንታውን ደብተር ባልዲ ውስጥ ነከርሁት
(አትቆጡኝ፤ ለራሱ ቀድሜ ነግሬው ነው ያደረግሁት)።
«አሁን ፈንታው ብቻውን ሌላ ይግዛ ወይ?»
«አይ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ «እኛስ የለን ወይ?»
ሠላሳ ሽምብራ አዲስ ደብተር ገዛ፤
ጣሳው ትንሽ ቀለለ፣ የፈንታው ፊት ወዛ።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ ይህን ከቤት ያውቁታል፤
እኔ የጨመርሁት ነገር ደረሰኝ ብቻ ይሆናል።

ጦይባ ናት የጠየቀች፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለራስ እንደሚነበብ፤
«ነሐሴ ላይ ቦርከና ወንድሜን ወሰደው።
ስንት ፍሬ ቢሆን ነው ጣሳው የሚመልሰው?»

ስንት ዓመት ስተምን፣ ስንቱን ቅጽ ስሞላ፣
እንዲህ ያለ መስመር ገጥሞኝ አያውቅም ሌላ።
መምህርት ወለላ ወደ ደጅ አየች።
«አይመልስም» አልሁ። «አንድም?» አለች።
«አንድም። ለድንኳን፣ ለዱቄት፣ ለከፈን ይደርሳል፤
ለእሱ ግን ሌላ ጣሳ፣ ሌላ ቁጥር ያሻል።»

ሰሌዳውን ጠርጌ ዓመቱን ሳልሁት፣
አሥራ ሦስት ሳጥን። እነሱ ሞሉት፤
«መስከረም፣» አለ ደጀኔ፣ «ደመራው ሲወድቅ ራቁ።»
«ኅዳር ሲታጠን፣ እሳቱ ውስጥ
የሽቶ ቆርቆሮ ካለ ሽሹ፣ ቆማችሁ አትሣቁ።»
«ጥር፣ የሠርግ መኪና ኋላው ላይ አትንጠልጠሉ።»
«ቤት ዘግቶ ከሰል አይሞቅም፤ ለእናታችሁም በሉ።»
«ሰኔ፣ መብረቅ ሲያጓራ ከዛፍ ሥር አትጠለሉ።»
የካቲት ላይ ማንም ምንም አላገኘም፤
ባዶውን ተውነው። ዓመት ሁሉ እሾህ አይደለም።

«ነሐሴ» ስል፣ ጠመኔውን ለጦይባ ሰጠኋት፤
ቁመቷ አልደረሰም፣ ወንበር ሳብሁላት።
ቆይታ፣ በትልልቁ፦ «እዚህ ፀሐይ ቢሆን፣
ጦሳ ላይ ከጠቆረ፣
ወንዙ አይታመንም።» ጻፈች። ጠመኔው አጠረ።

ጳጉሜን ቀረች፣ የታችኛዋ፣ ጠባቧ፤
«እንቆጠር፣» አለች እትሁን፣ «ማንም እንዳይረሳ።»
ደወል ሆነ። መስኮቱ ላይ ተውሁላቸው ጣሳ፣
ከውስጡ የቀረው አሥራ ሦስት ፍሬ፤
ለየወሩ አንድ ይደርሳል፤ ወጣሁ ሳልናገር ዛሬ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምሁ።
ከሥሬ ቦርከና ጭል ጭል ይላል፣ ጠጠሩን አየሁ፤
ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አናቴን ያቃጥላል።
ስንት ዓመት ሳላይ አልፌዋለሁ።
ቀና ብዬ ጦሳን አየሁ።
ከዚያ ተሻገርሁ።